ጋሼን «አንተ» ያልኳቸው ለት

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም የራሴን ጉድ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ የምሠራውም ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። አባቴ የሞተው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙልኝ፣ ኮሌጅ ስገባም ከመምህርነት ደመወዛቸው እየቀነሱ የከፈሉልኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው ኮምቦልቻ ይኖራሉ። ጋሼ ነው የምላቸው።

ከሁለት ወር በፊት በዘመዶቻችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአክስቴ ልጅ አንድ አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። የ65ቱ ረሃብ ነው። አጥንታቸው የወጣ ሰዎች መሬት ላይ ተጋድመው ይታያሉ፤ ወዲያው ደግሞ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ረሃቡ። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ ሲል በቴሌቪዥን ያሳየው ነው አሉ። ጋሼ ወዲያው «ይህ ውሸት ነው። ደርግ ቆርጦ የቀጠለው ቅጥፈት ነው። እኔ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ደሴ ነበርኩ፤ ሰኞ ገበያ እህል ነበረ» ብለው ጻፉ።

የእናቴ እናት በዚያ ዓመት ሁለት ልጆቿን የቀበረች ናት። ከየጁ ቆላ ተነስታ በእግሯ ደሴ ስትደርስ በጀርባዋ የቀረችላት እናቴ ብቻ ነበረች። እስከ ዛሬ አንዲት የእህል ፍሬ መሬት ላይ ካየች ጎንበስ ብላ ሳታነሳ አታልፍም። «ውሸት» የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ። መለስኩ፤ መለሱ። እንደገና መለስኩ። በመጨረሻ «አንተማ የባላባት ልጅ ስለሆንክ የድሃ ሞት አይታይህም» ብዬ ጻፍኩ። አባታቸው በንጉሡ ጊዜ የወረዳ ምክትል ገዥ ነበሩ፣ በ67 ታስረው አልተመለሱም ይባላል፤ ቤታችን ውስጥ ግን አይወራም። ከስድሳ በላይ ዘመድ እያየ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼን «አንተ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። ከግሩፑ ወጡ።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ቪዲዮውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። የማላውቃቸው ሰዎች መጡ። አንዱ የደርግ ርዝራዥ ይለኛል። የእናቴ ወገን እስላም፣ የአባቴ ወገን ክርስቲያን ነው፤ አንዱ በእናቴ፣ ሌላው በአባቴ ይሰድበኛል። «ወሎ ድሮም ለማኝ ነው» ያለም አለ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስመልስ አድራለሁ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ አዛውንት የታዘዘላቸውን መድኃኒት መጠን ልሳሳት ስል ባልደረባዬ ናት ያዳነችኝ።

የጋሼ የመጨረሻ ልጅ ከጥምቀት በኋላ ታገባለች። የጥሪ ካርዱ በእናቴ ስም ብቻ መጣ። እናቴ «ልጄ ያልተጠራችበት ሰርግ አልሄድም» ብላ ካርዱን ኮመዲኖ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ባየችው ቁጥር ታለቅሳለች።

አያቴን ምስክር ትሁነኝ ብዬ ቪዲዮውን በስልኬ አሳየኋት። አይታ ስትጨርስ «ያቺ ልጅ ያዘለችው ሴትዮ ኋላ በላች?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ይቅርታ ብጠይቅ አያቴን የከዳኋት ይመስለኛል። ባልጠይቅ አባት የሆኑኝን ሰው ላጣ ነው። ምን ላድርግ?

ልቧ ለሁለት የተከፈለባት፣ ከደሴ

መልስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አያትሽ የጠየቁሽ ጥያቄ ላይ ስደርስ አቆምኩ። «ኋላ በላች?» አንቺ ስልኩን የዘረጋሽላቸው ለክርክርሽ ምስክር ፈልገሽ ነው። እሳቸው ያዩት የሚያውቁትን ሰው ነው፤ ልጅ አዝላ መንገድ ዳር የተቀመጠች ሴት፣ ምናልባትም ራሳቸውን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ የሚያስጨንቃቸው ያቺ ሴት እህል መቅመሷ ነው። ይህን ጥያቄ ልብሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ፊልሙ ላውራሽ። አንቺና ጋሼሽ የተጣላችሁት በአንድ ፊልም ይመስላችኋል እንጂ ፊልሙ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። ወሎ መጥቶ ያየውን ቀርጾ ጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን፣ በአይቲቪ፣ አሳየው። ርዕሱ «ያልታወቀው ረሃብ» ነበር። የእንግሊዝ ሰው አይቶ ደነገጠ፣ ገንዘብ አዋጣ፣ ዓለምም ሰማ። ሁለተኛው ፊልም ከዚያ ዓመት ሊሞላው ሲል የመጣው ነው። ደርግ የዲምብልቢን ምስል ወስዶ፣ መሃል መሃሉ ላይ የቤተ መንግሥቱን ድግስ እያስገባ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 በዘመን መለወጫ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ስለዚህ ጋሼሽ «ቆርጦ የቀጠለው» ያሉት እውነት ነው። ድግሱን ከረሃቡ ጎን ያስቀመጠው ንጉሡን ለማውረድ የተዘጋጀ እጅ ነው፤ ያስቀመጠውም ልክ የሚያስፈልገው ቀን ላይ ነው። እዚያው ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ታውቂዋለሽ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ማንም ሳይናቅ ግብር ይበላበት የነበረ። ለጋሼሽ ወላጆች ትውልድ ግብር ማብላት የደግነት ምልክት ነበር። ያ ፊልም ያንኑ ነገር ወስዶ የጭካኔ ምልክት አደረገው። አንድ ሰው በዚህ ቢያዝን አልፈርድበትም።

አንቺም ደግሞ እውነትሽን ነው። ረሃቡ ነበር። መንግሥት ያውቅ ነበር፣ ለሕዝቡም ለዓለምም አልተናገረም። የሟቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት 40 ሺህ፣ ከፍተኛው 200 ሺህ ገደማ ነው። በዝቅተኛውም ብንቆጥር የአያትሽ ሁለት ልጆች እዚያ ውስጥ አሉ። የፊልሙ መቆራረጥ አንድም ሬሳ አያስነሳም። ይህን ለጋሼሽም ፊት ለፊት ብነግራቸው ደስ ይለኛል፤ ረሃቡን መደበቅ ትልቅ ግፍ ነበር፣ የንጉሡን ዘመን የሚወድ ሰውም ይህን ከመቀበል መሸሽ የለበትም። ደርግን የሚያሞግስ ደግሞ 77ን ያስታውስ። ያን ፊልም አሳይቶ ንጉሡን ያወረደው መንግሥት ከአሥር ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በድምቀት ሲያከብር ወሎ እንደገና እየረገፈ ነበር፤ እሱም ደበቀ። ዓለም የሰማው የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከቆረም ባመጡት ምስል ነው። ሁለት መንግሥት፣ አንድ ዓይነት ዝምታ። የሞተው ያው የኛ ሰው።

ጋሼሽ «ሰኞ ገበያ እህል ነበረ» ያሉትን እንዴት ላድርገው ትዪኝ ይሆናል። አንቺን ያናደደሽ ይሄኛው እንደሆነ ገብቶኛል፤ አያትሽን ውሸታም ያሏቸው ያህል ነው የተሰማሽ። አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ አለ፤ ኋላ ኖቤል የተሸለመ። በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ነገር አንስቶ መርምሮታል። ያገኘው ነገር እኔንም አስደንግጦኛል። በረሃቡ ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ከተማ የተጫነ እህል ነበር። ገበሬው ግን ሰብሉ ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ከብቱ አለቀ፣ የተረፈውን በሬ በርካሽ ሸጠ፣ ከዚያ እጁ ባዶ ቀረ። እህሉ በጆንያ ተቀምጦ ሰው ሞተ። ይህን ትንታኔ የተቃወሙ ምሁራን አሉ፤ መንገድ በሌለበት ገጠር ችግሩ የእህሉ አለመድረስ ነው የሚሉ። ያ ክርክር ለነሱ ይቆይ። ለናንተ ቤት የሚበቃው ይሄ ነው፦ ጋሼሽ በልጅነት ዓይናቸው ያዩት ጆንያ እውነተኛ ጆንያ ነበር። አያትሽ የተራመዱበት መንገድም እውነተኛ መንገድ ነበር። ማን ያውቃል፣ በአንዱ ሰኞ አንዷ ልጅ አዝላ፣ አንዱ ዘንቢል ይዞ ከእናቱ ኋላ እየሮጠ፣ በዚያው ገበያ ተላልፈው ይሆናል።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ፤ የጋሼሽ አባት ታስረው አልተመለሱም። «አባታቸው» ብለሽ ነው የጻፍሽው። ልጄ፣ እኚያ ሰው የአባትሽም አባት ናቸው። አያትሽ ናቸው። አንደኛዋ አያትሽ ልጆቿን ለረሃብ ሰጥታለች፤ ሁለተኛው አያትሽ ከዚያ ፊልም በኋላ በመጣው ነገር ጠፍተዋል። «የባላባት ልጅ» ስትዪ ሟች አባትሽንም ነው የተናገርሽው፣ ራስሽንም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ በንዴት ሰዓት ማንም ሰው የዘር ሐረጉን አይቆጥርም። ነገር ግን አንድ ልጅ አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመቱ ላይ አባቱ ሲወሰድ አይቶ፣ በዚያው ሰሞን አባቱንና አባቱን የመሰሉትን ሁሉ ሰው በላ የሚል ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ያ ልጅ ስልሳ አምስት ዓመት ሲሞላው ፊልሙን በሰላም ዓይን ሊያየው ይችላል ብለሽ ታስቢያለሽ? ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑትን ባለሥልጣናት ነገር የማያውቅ የለም። አባቱ እስር ቤት ያለ ልጅ ያን ዜና የሰማበትን ቀን አስቢው። ጋሼሽ «ውሸት» ሲሉ ስለ አያትሽ ልጆች መናገራቸው ነበር? ወይስ አባታቸውን ከዚያ ምስል ውስጥ ማውጣታቸው? እኔ መልሱን አላውቅም። አንቺም ሳትጠይቂ አታውቂውም።

እንዲህ ዓይነት ነገር በየቤታችን ሆድ ይፍጀው ተብሎ ተቀብሯል። የእናትሽ ቤት የረሃቡን ሐዘን ይዞ ዝም አለ፣ የአባትሽ ቤት የእስሩን ሐዘን ይዞ ዝም አለ። ሁለቱ ቤቶች ተጋብተው አንቺን ወለዱ። ሐዘናቸውን ግን ሳያስተዋውቁት ቀሩ፤ በቴሌግራም ላይ ተገናኘ፣ ያውም በአንቺ እጅ። ስለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሽው ብዬ የማምነው። የፖለቲካ ክርክር ቢሆን ኖሮ እስካሁን ትተሽው ነበር።

ሌላም አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው ከራሴ ሕይወት ነው። አዲስ አበባ የመጀመሪያ ሥራዬን የጀመርኩ ለት አለቃዬ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ከወሎ» ስለው ሰው ሁሉ ፊት «የእርዳታ ስንዴ ያሳደገሽ ነሽ በይኛ!» ብሎ ሳቀ። ሰላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ሳቁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንቺንም ፌስቡክ ላይ የማታውቂው ሰው ያንኑ ቃል ወረወረብሽ። የጋሼሽ ትውልድ ወሎዬዎች ይህን ስድብ ስንት ጊዜ ሰምተውት ይሆን? ወሎ ማለት የዓለም ቴሌቪዥን ላይ ዝንብ የወረረው ፊት ሆኖ ሲቀር፣ መንዙማውም፣ ትዝታውም፣ ሰደቃና ዝክሩን አብሮ የሚበላው ጎረቤትነትም ከዚያ ምስል በስተጀርባ ጠፍቶ ሲቀር ያየ ሰው «ይህን ነገር አታሳዩኝ» ቢል አይገርመኝም። ይህም ከፊልሙ ተቺዎች ክርክር ውስጥ አንዱ ነው፣ ደካማ ክርክርም አይደለም።

እና «ይቅርታ ብጠይቅ አያቴን እከዳታለሁ» ያልሽው ልክ አይደለም፤ ይህን በግልጽ ልንገርሽ። ይቅርታ የምትጠይቂው ረሃቡ አልነበረም ብለሽ አይደለም። የምትጠይቂው «አንተ» ስላልሽ ነው። ከስድቡ ይልቅ ያቺ ቃል ናት የጎዳቻቸው ብዬ እገምታለሁ። ሃያ ዓመት «እርስዎ» ስትዪአቸው የኖርሽ ልጅ፣ ስድሳ ዘመድ ፊት፣ በአንድ ቃል ከአባትነት አወረድሻቸው። ለዚያ ነው መልስ ሳይሰጡ የወጡት፤ ሰው ለስድብ መልስ አያጣም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ላልሽው። ዛሬ ማታ ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽውን አውርጂው፣ ወይም ለራስሽ ብቻ እንዲታይ አድርጊው። ለነዚያ ሰዎች አንድም ቃል አይገባቸውም። ስምሽን አያውቁም፣ አያትሽን አያውቁም፣ ነገ ሌላ ሰው ያገኛሉ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ስልክሽ እናትሽ ክፍል ይደር። ይህን አጥብቄ የምለው ስለ ሥራሽ ነው። የመድኃኒት መጠን ልትሳሳቺ የደረስሽበት ቀን ቀላል ቀን አይደለም፤ ባልደረባሽን አመስግኛት፣ ለጥቂት ሳምንትም አብራሽ እንድታይልሽ ጠይቂያት። ደግ ሰው ናት፣ እምቢ አትልሽም።

በማግስቱ በዚያው የቤተዘመድ ግሩፕ ላይ አጭር ነገር ጻፊ። ስድቡ አደባባይ ላይ ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው ይጀምር። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «በዚህ ግሩፕ ላይ ጋሼን በማይገባ ቃል ተናግሬአቸዋለሁ። አሳድገው ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አትጨምሪ። በተለይ «ግን» የምትል ቃል እንዳትገባበት። ጋሼሽ ከግሩፑ ቢወጡም ጽሑፍሽ ሳይመሽ ይደርሳቸዋል፤ የዘመድ ግሩፕ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ራስሽ ሂጂ። ሽማግሌ መላኩ የኛ ወግ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ ለዚህኛው ግን መጀመሪያ ሽማግሌ አትላኪ። ቃሉ የወጣው ከአንቺ እጅ ነው፣ ይቅርታውም በአንቺ እግር ይሂድ። ሰርጉ ላይ እታረቃለሁ ብለሽም አትጠብቂ፤ ሙሽራዋን በዚያ ቀን ስለ አንቺ እንድትጨነቅ አታድርጊያት። ከሰርጉ ሁለት ሳምንት አስቀድመሽ ብትሄጂ መልካም ነው። ቡናና ስኳር ያዢ፤ እንደማንኛውም ዘመድ ጠያቂ። ጉልበታቸውን ሳሚ። «ጋሼ፣ አያቴ የቀበረቻቸውን ልጆች ውሸት ያሉብኝ መስሎኝ ነው፤ ያሳደጉኝን ሰው ግን እንዲያ ማለት አልነበረብኝም» በያቸው። ያለሽን ሁሉ በዚች ዓረፍተ ነገር ተናግረሻል። ስልክሽን አውጥተሽ ቪዲዮ እንዳታሳዪ። ስለ ሴንም ስለ ዲምብልቢም እንዳታነሺ፤ እኔ የነገርኩሽ ልብሽን እንዲያለሰልስ እንጂ ለሁለተኛ ዙር እንዲያስታጥቅሽ አይደለም።

ሆዳቸው ረገብ ሲል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው፦ «አያቴን የወሰዷቸው ለት ምን ሆነ?» «አባትዎን» አትበዪ፤ «አያቴን» በዪ። መልስ ላይሰጡሽ ይችላሉ። ዝም ካሉ ዝም በዪ፣ ቡናሽን ጠጪ፣ ሌላ ወሬ ይመጣል። ካወሩ ደግሞ አታቋርጪ፣ አታርሚ፤ ዘመኑን የሚያስታውሱት እንደ ልጅ ነው፣ ቀንና ስም ቢያዛቡም ተዪው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ 77 ጠይቂያቸው። ያኔ ሃያዎቹ ውስጥ የነበሩ ጎልማሳ ናቸው። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደደበቁ፣ ለማን እንዳካፈሉ ከማንም መጽሐፍ የማታገኚው ነገር እሳቸው ጋ አለ።

አንድ ነገር አትጠብቂ፤ እሳቸው «ውሸት ያልኩት ልክ አልነበረም» እንዲሉሽ። በዚያ ዕድሜ ያለ የኛ አገር ሰው በቃል አይመልስም፣ በእግሩ ነው የሚመልሰው። ምናልባት አንድ ቀን ሳይነግሩሽ ደሴ መጥተው አያትሽ ጎን ቁጭ ይላሉ። ያ ከመጣ መልሱ እሱ ነው። በሩን ሳይከፍቱልሽ ቢቀሩስ? ያኔ የአባትሽን ወዳጆች አንድ ሁለት ሰው ይዘሽ ተመለሺ፤ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው። ካርድ ባይጻፍልሽም እናትሽን ወደ ሰርጉ እንድትሄድ ለምኛት። ከአንቺ ጋር ሆና ከአማቾቿ እንድትቆራረጥ አታድርጊያት፤ ባሏን ያጣች ሴት ናት፣ የባሏን ቤተሰብ ደግሞ አትጣ።

ወደ አያትሽ ልመለስ። የጠየቁሽን አልመለስሽላቸውም፤ እኔም የምመልሰው የለኝም። ያቺን ሴት የቀረጸው ካሜራ ስሟን አልጠየቀም፣ ድግሱን የጨመረበትም እጅ እንደዚያው። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ጥቂት የከተማ ሰው ነበር፤ አያትሽ ስለ ራሳቸው የተሠራውን ፊልም ያዩት አንቺ ስታሳዪአቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሞቱትን የሁለቱን ልጆች ስም ታውቂዋለሽ? ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ናቸው ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ ስም የለም። ካላወቅሽ በዚህ ሳምንት፣ ቡና ተፈልቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጎናቸው ቁጭ ብለሽ ስማቸውን ጠይቂ። የሚያወሩ ከሆነ ስልክሽን ድምፅ ብቻ እንዲቀዳ አድርገሽ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። የትኛው ታላቅ ነበር፣ የትኛው ቀድሞ ሄደ፣ የት ተቀበሩ፣ ደሴ ሲደርሱ የመጀመሪያውን እንጀራ ማን ሰጣቸው። ለማንም አትለጥፊው። ለአንቺና ለልጆችሽ ነው። ቢደክማቸው አቁሚ፤ ቢያለቅሱ እጃቸውን ያዢ፣ ነገ ይቀጥላል። «ኋላ በላች?» ብለው እንደገና ከጠየቁሽ ደግሞ «እማዬ፣ አንቺ መቼ በላሽ?» በያቸው።

ኮምቦልቻ መሄጃሽን ቅዳሜ አድርጊው፣ በጠዋት። ደሴ ጉም ለብሶ ትተሽው ሀረጎን ስትወርጂ ፀሐዩ ይቀበልሻል፤ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ስልክሽን ዘግተሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። መንገድ ላይ የምትዪውን ደጋግመሽ አታጥኚ፣ ይጠፋብሻል። ደጃቸው ስትደርሺና ራሳቸው ሲከፍቱልሽ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ መጀመሪያ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» በያቸው።